ጭድ የተቀበረበት ስንዴ ለምን ቢጫ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ዝናብ ያበላሸውን የስንዴ ጭድ ሰኔ ላይ በማሳዬ አንድ ጥግ በትኜ ገልብጬ አረስኩት። ሐምሌ መጀመሪያ ስንዴ ዘራሁ። ወር ሲሞላው ጭድ የገባበት ጥግ ብቻ ቢጫ ሆኖ ቀጨጨ። ጭዱ መርዝ አለው እንዴ? (ከዳባት፣ ሰሜን ጎንደር)

መልስ፦ መርዝ የለውም። ስንዴዎ ተርቦ ነው፤ ቀለቡን የተሻሙት ጭዱን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው።

ጭድ ለእነሱ ጉልበት የሚሆን ካርቦን የሞላበት፣ ገላ የሚሠሩበት ናይትሮጅን ግን የጠፋበት ቀለብ ነው። አንድ ኩንታል ደረቅ የስንዴ ጭድ 40 ኪሎ ያህል ካርቦን ሲኖረው፣ ናይትሮጅኑ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ከካርቦኑ ሲሶው ያህል ገላቸው ይሆናል፤ የቀረውን ተንፍሰው ያወጡታል። ገላቸው ለ8 ኪሎ ካርቦን 1 ኪሎ ናይትሮጅን ስለሚፈልግ፣ የጎደላቸውን 1 ኪሎ ያህል ከአፈሩ ይወስዳሉ። የስንዴ ሥር ደግሞ በዚህ ሽሚያ አይቀድማቸውም።

ጭዱ ሲያልቅባቸው ብዙዎቹ ይሞቱና ናይትሮጅኑ ወደ አፈር ይመለሳል። ይህ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ስንዴ ከአንድ ዘር ብዙ አገዳ የሚያወጣው አሁን ስለሆነ አይጠብቁ።

መጀመሪያ ቅጠሉን ይዩ። የታችኛው አሮጌ ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ በመሃል ጅማቱ በኩል ወደ ታች ከገረጣ ናይትሮጅን አንሶታል። አዲሱ ቅጠል ቀድሞ ከገረጣ ግን ሌላ ጉድለት ነው፤ የድኝ እጥረት ሊሆን ይችላል። ውሃ ተኝቶበት ከሆነ አስቀድመው ቦይ ይቅደዱ፤ አየር ያጡ ተሕዋስያን በኦክስጅን ፋንታ ናይትሬትን (ሰብል ከአፈር የሚወስደውን የናይትሮጅን ዓይነት) ተጠቅመው ወደ ጋዝ ስለሚቀይሩት፣ የሚጨምሩት ዩሪያ በከንቱ ይባክናል።

ከዚያ አረሙን ነቅለው፣ አፈሩ እርጥብ ቅጠሉ ደረቅ በሆነበት ሰዓት፣ በዚያ ጥግ ብቻ ለቀበሩት ለእያንዳንዱ ኩንታል ጭድ 2 ኪሎ ተኩል ያህል ዩሪያ ከመደበኛው በላይ ይጨምሩ።

ለከርሞ ጭዱን ጥሬውን አይቅበሩት። 20 ሳንቲ ሜትር ጭድ፣ በላዩ 5 ሳንቲ ሜትር ትኩስ እበት እያደረጉ ይከምሩት። በእጅ ሲጨመቅ ጠብታ ብቻ እስኪወጣው ውሃ ያጠጡት፤ በየሦስት ሳምንቱ ያገላብጡት። ጥሬውን መቅበር ግድ ከሆነብዎ በዚያ ቦታ ባቄላ ይዝሩ፤ ባቄላ ናይትሮጅኑን ሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች በኩል ከአየር ያገኛል። ሲያብብ አንዱን ነቅለው የሥሩን እባጭ በጥፍር ይሰንጥቁት፤ ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን አይሠራም።