የአንባቢያን ጥያቄ፦ ግራኟ አና ቪያኺሬቫ

ጥያቄ፦ ሩሲያዊቷ አና ቪያኺሬቫ በሁለት ኦሊምፒክ የእጅ ኳስ ምርጥ ተጫዋች ተብላለች። በሪዮ ግን ኮከብ ግብ አግቢዋ ኖርዌያዊቷ ኖራ ሞርክ ነበረች። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ ሁለቱ ክብሮች አይገናኙም። ቪያኺሬቫ ቁመቷ 1 ሜትር ከ68 ገደማ ነው። ከ9 ሜትር መስመር ጀርባ ሆኖ በተከላካይ አናት ላይ ለመምታት ይህ ያንሳል። ስለዚህ አብዶ ሠርታ ታልፋለች። አጠገብ ያለችው ተከላካይ የራሷን ሰው ትታ ልትዘጋባት ስትሮጥ ኳሷ ነጻ ለሆነችው ተጫዋች ትደርሳለች። ጎሉ በሌላ ሰው ስም ይመዘገባል፤ መከላከሉን ያፈረሰችው ግን እሷ ናት። በ2016 ሩሲያ ፈረንሳይን 22 ለ19 አሸንፋ ወርቅ ወሰደች። በቶኪዮ ፍጻሜ ደግሞ ፈረንሳይ 30 ለ25 ረታች፤ ያኔም የተመረጠችው እሷ ነበረች። ከተሸነፈ ቡድን መመረጥ ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ የሩሲያ ቡድኖች ከታገዱ በኋላ የት ተጫወተች?

መልስ፦ የአውሮፓ እጅ ኳስ ፌዴሬሽን በየካቲት 2022 (እ.ኤ.አ.) ያገደው ቡድኖችን ነው፤ ተጫዋቾች በውጭ ክለብ መሰለፍ ይችላሉ። ከቶኪዮ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ከሜዳ ርቃ የነበረችው ቪያኺሬቫ ወደ ኖርዌዩ ቫይፐርስ ክርስቲያንሳንድ ሄዳ በ2023 ቡዳፔስት ላይ የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ አነሳች። በሩሲያው ክለብ ሮስቶቭ-ዶን ማሊያ በ2019 ፍጻሜ በሃንጋሪው ዬር 25 ለ24 ተሸንፋ ያመለጣት ዋንጫ ነው። በሪዮ ግማሽ ፍጻሜ በጭማሪ ሰዓት 38 ለ37 የተረታችው ኖርዌይ በኋላ ለእሷ ማጨብጨቧ ደስ ይላል።

ጥያቄ፦ ግራኝ ነኝ፤ አሠልጣኜ በቀኝ በኩል ያጫውተኛል። የእሷ ዓይነት አብዶ እንዴት ልለማመድ?

መልስ፦ አሠልጣኝሽ ልክ ነው። ከቀኝ ወደ መሐል ስትገቢ የምትወረውሪበት እጅ የግቡን ሙሉ ስፋት ያገኛል። ኳሱን እየሮጥሽ፣ በአየር ላይ ሳለሽ ያዢና በሁለት እግር እኩል እረፊ፤ ይህ እንደ እርምጃ አይቆጠርም። ከዚያ ሦስት እርምጃ አለሽ፦ ቀኝ እግርሽን ሰፋ አድርገሽ ወደ ቀኝ ጣይ፣ ተከላካይዋ ስትከተልሽ በግራ እግርሽ ወደ መሐል ሰንጥቂ፣ በቀኝ ተነሺና ምቺ። አንድ እግርሽ መሬት ላይ እያለ ከያዝሽው ግን ቀጣዩ ማረፊያ ይቆጠርና አራተኛ እርምጃ ይሆንብሻል፤ ዳኛው ይነፋል።

ሁለተኛው ችግር ርቀት ነው። ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ከጀመርሽ ትጋጫለሽ፣ ጥፋቱም ያንቺ ይሆናል፤ ሁለት ሜትር ከራቅሽ ተከላካይዋ አትሸወድም። ኳሱ ቁጥር 2 ይሁን፦ ዙሪያው ከ54 እስከ 56 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ325 እስከ 375 ግራም።

ያለ ተከላካይ፣ በዝግታ ጀምሪ። ቀኝ እግርሽን ስትጥይ ጉልበትሽ ታጥፎ ከእግር ጣትሽ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ይይ። ጉልበት ወደ ውስጥ ከተሰበረ ጅማት የሚበጠሰው በዚህች ቅጽበት ነው፤ ሲደክምሽ ይህ ስለሚብስ አብዶውን ልምምዱ መጀመሪያ ላይ አድርጊው።