በልጅነታችን የምናውቀው የሰፈር አትክልት ቦታ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ስለ ሰፈር የጋራ አትክልት ቦታዎች ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጀምሩት በልጅነት ትዝታ ነው፤ መጨረሻቸው ግን የአፈር፣ የውሃና የዘር ጥያቄ ነው። ከመካከላቸው አምስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ልጆች ሳለን በሰፈራችን የጋራ አትክልት ቦታ ነበር። ለእያንዳንዳችን አንዳንድ መስመር ተሰጥቶን ዘርተን ነቅለናል። አሁን እኛ ጎረቤታሞች 10 በ12 ሜትር የሆነ ክፍት ቦታ እንድናለማ ተፈቅዶልናል፤ ልጆቹ 20 ናቸው። እኛ ያገኘነውን እንዲያገኙ ቦታውን እንዴት እናደራጀው?

መልስ፦ ያ መስመር እስከ ዛሬ ከአእምሯችሁ ያልጠፋው የእናንተ ስለነበረ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈበት ቁራሽ መሬት ይኑረው። 90 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 5 ሜትር ርዝመት ያላቸው አራት መደቦች አውጡና በየአንድ ሜትሩ ሸንሽኗቸው፤ ለሁሉም ይዳረሳል። ስፋቱ ከዚህ አይብለጥ። የትንሽ ልጅ ክንድ ከዳር የሚደርሰው 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ መደቡ ከሰፋ ልጁ ላዩ ላይ ይወጣል፣ የተረገጠ አፈር ደግሞ ይጠቀጠቅና ውሃም ሥርም አያስገባም። በመደቦቹ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ተዉ። ይህ ሁሉ ከቦታው ሩብ ያህሉን ብቻ ነው የሚወስደው። የቀረው 1.20 ሜትር ስፋት ላላቸው የአዋቂዎች መደቦች፣ ለድንችና ለዱባ፣ ለኮምፖስትና ለውሃ በርሜል ይሁን። በርሜሉ የሚቆለፍ ክዳን ይኑረው፤ ሕፃናት ባሉበት ክፍት በርሜል አደጋ ነው።

የልጆቹን መደብ ለልጆቹ ብቻ አትተዉት። በጀርመን ላይፕሲግ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጌዜል የተባሉ መምህር በልጆች መጫወቻ ሜዳ ዳር የልጆች አትክልት መደቦች አዘጋጅተው ነበር። ልጆቹ ብዙም ሳይቆዩ ሰለቹ፣ ቦታውን አረም ወረሰው፣ በመጨረሻም ወላጆች ተረከቡት። የልጆቹ መደብ ከአዋቂዎቹ መደብ ጎን ከሆነ አዋቂው የራሱን ሲያርም የልጁንም ያያል፤ ልጁም ሥራውን አይቶ ይማራል።

ልጅ የሚሰለቸው ብዙውን ጊዜ ምርቱ ሲዘገይበት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዘር ውስጥ ፍጅል አይቅር፤ ከ25 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይነቀላል። በእያንዳንዱ ልጅ ድርሻ ላይ ሦስት መስመር አውጡ። አንደኛው ላይ ፍጅልና ካሮት አብረው በአንድ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይዘሩ። ፍጅሉ በ5 ቀን ገደማ ብቅ ብሎ መስመሩን ያሳያል፤ ካሮቱ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ ብቻውን ቢዘራ ልጁ በአረም ፈንታ ያርመዋል። ፍጅሉ ሲነቀል ለካሮቱ ቦታ ይለቅለታል። ሁለተኛው መስመር በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተተከሉ የሰላጣ ችግኞች፣ ሦስተኛው በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀትና በ3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት የተዘራ አጭር ፎሶሊያ ይሁን።

ሁለት ነገር ተደጋግሞ ይበላሻል። አንደኛው ጥልቀቱ ነው፤ ልጆች ጣታቸውን እስከ መጨረሻው ሰድደው ዘሩን ይቀብሩታል፣ ትንሽ ዘር ደግሞ ከዚያ ወጥቶ ብርሃን ለማየት አቅም የለውም። በእንጨት ጫፍ ቦይ አስምሩላቸው። ዘሩን ለሁለት በታጠፈ ወረቀት ላይ አድርገው ወረቀቱን በጣት መታ መታ ቢያደርጉት አንድ በአንድ ይወርዳል። ሁለተኛው ውሃው ነው። የውሃ ጎማ ዘሩን ጠርጎ ወደ ዳር ይሰበስበዋል፤ ወንፊት አፍ ያለው ማጠጫ ተጠቀሙ። በደረቅ ሰሞን ለአንድ ካሬ ሜትር በሳምንት ከ20 እስከ 25 ሊትር ይበቃል፤ ባለ 2 ሊትር የልጅ ማጠጫ ከሆነ በሳምንት ሦስት ቀን አራት አራት ጊዜ ማለት ነው። ዘሩ እስኪበቅል ግን ላዩ እንዳይደርቅ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጠጣ።

አንድ አደራ አለን፤ ያልበቀለውን ልጁ ሳያይ አትተኩለት። ቦይውን አብራችሁ ጫር ጫር አድርጋችሁ ዘሩ በስብሶ እንደሆነ፣ ደርቆ እንደሆነ ወይም በጥልቀት ተቀብሮ እንደሆነ አሳዩትና ራሱ እንደገና ይዝራ።

ጥያቄ፦ የልጅነታችን ቲማቲም ከግንዱ በሚያያዝበት በኩል አረንጓዴ ነበር። ቅጠሉን የነካ እጅ ሽታው አይለቅም ነበር። ጣዕሙ ዛሬ የለም፤ ትዝታ እያታለለኝ ይሆን?

መልስ፦ ትዝታዎ መሠረት አለው። አዳቃዮች ለረጅም ዘመን ከዳር እስከ ዳር እኩል የሚቀላ ፍሬ ሲመርጡ ኖረዋል፤ መቼ እንደሚለቀም ለማወቅ ይመቻል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ይህ እኩልነት የመጣው አንድ ዘረመል መሥራት በማቆሙ እንደሆነ አሳይቷል። ዘረመሉ ሲሠራ ያልበሰለው ፍሬ ትከሻው ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል፤ ያ አረንጓዴ ከፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል፣ ፍሬው ሲበስልም ጣፋጭነቱ ይጨምራል። በዚህ ላይ ለሽያጭ የሚሆነው ቲማቲም ሳይቀላ ይለቀማል፤ ከ12 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲቀመጥ ደግሞ መዓዛው ይቀንሳል።

ያልተዳቀለ የቆየ ዝርያ ይፈልጉ፣ ፍሬው ግንዱ ላይ ሳለ ይቅላ፣ ፍሪጅ ውስጥም አያስገቡት። ከዚያ ፍሬ ዘር ለመያዝ ዘሩን ከነጭማቂው ሁለት ሦስት ቀን ያስቀምጡት፤ ልጋጉ ሲለቅ አጥበው በጥላ ያድርቁት። የፍሬው ግርጌ ከጠቆረ በሽታ መስሎዎት መድኃኒት አይርጩ። ውሃ አንዴ ሲጎርፍ አንዴ ሲጠፋ ካልሲየም ፍሬው ዘንድ አይደርስም፤ ውሃውን አስተካክለው የተክሉን ሥር ዙሪያ በደረቅ ሣር ይጎዝጉዙ። እጅ ላይ የሚቀረው ሽታ የሚመጣው በቅጠሉና በግንዱ ላይ ካሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ነው፤ የሚያጣብቀው ቢጫ አረንጓዴ ነገር ጣት ላይ ሲቆይ ይጠቁራል፣ ሲታጠቡት ሳሙናውን ቢጫ ያደርጋል። እሱ ዛሬም አልተለወጠም።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጅ ነኝ። በጋራ አትክልታችን የዘራሁት ካሮት ሁለት ሦስት እግር አወጣ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ የካሮትሽ ዋና ሥር ወደ ታች ሲወርድ ጫፉን የነካው ነገር አለ፤ ድንጋይ፣ ጠጣር አፈር ወይም ያልበሰበሰ ፍግ ሊሆን ይችላል። ጫፉ ሲጎዳ ሥሩ ይከፈላል። ችግኝ አድርገሽ አዛውረሽው ከሆነም ምክንያቱ ያ ነው፤ ካሮት መነቀል አይወድም። በሚቀጥለው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍረሽ ድንጋዩን ልቀሚ፣ በቦታው ዝሪ፣ ሲበቅል በ5 ሳንቲ ሜትር ርቀት አሳሺው። ባለ እግሩም ይበላል።

ጥያቄ፦ ልጆች ሆነን አትክልት እንተክል የነበረው የአሮጌ ሕንፃ ግድግዳ ሥር ነበር፤ ቀለሙ ዛሬም ይላጣል። እዚያው እንደገና ብንጀምር ጉዳት አለው?

መልስ፦ ሳይመረመር አይጀመር። አሮጌ ቀለም እርሳስ የተባለውን ብረት ሊይዝ ይችላል። እርሳስ አይበሰብስም፣ በግድግዳው ሥር ያለው አፈር ውስጥ ይከማቻል፣ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ልጆችን በይበልጥ የሚያገኛቸው በአቧራውና ወደ አፋቸው በሚገባው አፈር በኩል ነው። ከአሥር ቦታ፣ ከላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር አፈር ወስደው ቀላቅለው ላቦራቶሪ ይስጡ። ውጤቱ እስኪመጣ መደቡን ከግድግዳው ያርቁ፤ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ሳጥን ውስጥ ንጹሕ አፈር ሞልተው ይትከሉ፤ መተላለፊያውን በእንጨት ፍቅፋቂ ይሸፍኑ። ለሳጥኑ የባቡር ሐዲድ እንጨት ወይም ቀለም የተቀባ አሮጌ ጣውላ አይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ የልጅነታችን አትክልት ቦታ ዛሬ ሕንፃ ሆኗል። የሚያስታውሱትን አረጋውያን ትዝታ መሰብሰብ እንፈልጋለን። ስንጠይቃቸው «ጥሩ ነበር» ብለው ያቆማሉ።

መልስ፦ «እንዴት ነበር?» የሚለው ጥያቄ «ጥሩ ነበር» የሚል መልስ ያመጣል። ትልቅ ወረቀት ዘርግታችሁ በሩና የውሃው ቧንቧ የት እንደነበሩ አብራችሁ ሳሉ፤ የቀረውን እሳቸው ራሳቸው ይሞሉታል። ከዚያ ነገር ነገሩን ጠይቁ፦ ቁልፉን ማን ይይዝ ነበር? ውሃ ሲያጥር ማን ይቀድም ነበር? ዘሩ ከየት ይመጣ ነበር? ልጅ ምን እንዳይነካ ይከለከል ነበር? ያኔ እዚያ ይተከል ከነበረው ዓይነት ተክል በአካባቢው ካገኛችሁ አንድ ቅርንጫፍ ይዛችሁ ሂዱና ያሽትቱት፤ ሽታ ከጥያቄ ይልቅ ብዙ ያስነሳል። ሁለት የቀድሞ ጎረቤቶችን አብራችሁ ብታስቀምጧቸው አንዱ የሌላውን ያርማል፤ ሳይስማሙ የቀሩበትን ሁለቱንም ጻፉት። ዓመተ ምህረቱን ካላስታወሱ «ትምህርት ቤት ከመግባትዎ በፊት ነው በኋላ?» ብላችሁ አስጠጉት። ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ ሲያልቅም በፋይሉ ስም ላይ ቀኑንና የተናጋሪውን ስም በዚያው ዕለት ጻፉ። ካርታውንም ፎቶ አንሱና ቅጂውን ለእሳቸው ስጧቸው፤ ብዙዎች በማግስቱ የረሱትን ጨምረው ይጠራሉ።