ወደ ባንክ ቁጥጥር ሥራ ለምትገቡ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ይህን ሥራ ስትጀምሩ መጀመሪያ እጃችሁ ላይ የሚደርሰው ቁጥር ነው። የባዝል ኮሚቴ (የባንክ ተቆጣጣሪዎች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ) እ.ኤ.አ. በ1988 ያስቀመጠው፣ ባንኩ በሥጋት ከተመዘነ ሀብቱ ቢያንስ 8 በመቶ የሚሆን ካፒታል እንዲይዝ የሚጠይቀው ልክ፣ የተበላሸ ብድር ድርሻ፣ የጥሬ ገንዘብ አቅም። ስሌቱን በሳምንት ትለምዱታላችሁ። ቁጥሩ ግን ባንኩ ራሱ ከላከው ሪፖርት የሚወጣ ስለሆነ፣ ሪፖርቱ ከተሸፋፈነ ስሌታችሁ ዋጋ የለውም። የብድር ፋይል ማንበብን አስቀድሙ የምለው ለዚህ ነው።

የምታዩአቸውን ፋይሎች ባንኩ አይምረጥላችሁ። የብድሮቹን ዝርዝር በኤክሴል ተዘጋጅቶ ሳይሆን በቀጥታ ከሲስተሙ አስወጡ፤ ድምሩንም ከዋናው የሂሳብ መዝገብ ጋር አመሳክሩ። ካልገጠመ ልዩነቱ ሳይታወቅ ወደ ቀጣዩ ሥራ አትሂዱ። ከዚያ ትልልቆቹን ብድሮች፣ ከባለአክሲዮኖችና ከቦርድ አባላት ጋር የተያያዙትን፣ ባለፉት 12 ወራት የታደሱትን በሙሉ ውሰዱ፤ ከቀሪው በዕጣ አውጡ።

ፋይሉን ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሩ። ማመልከቻውና የቢዝነስ ዕቅዱ ለማሳመን የተጻፉ ናቸው፤ ቀድማችሁ ካነበባችኋቸው ልባችሁ ወደዚያው ያደላል። መጀመሪያ የአከፋፈል ታሪኩን፣ ቀጥሎ ውሉ ስንት ጊዜ እንደተራዘመ፣ ከዚያ መያዣውን እዩ። ገማቹን ማን መረጠው? ግምቱ የተጻፈው ብድሩ ከመጽደቁ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

አንድ ተበዳሪ በ88ኛው ቀን ውዝፉን ሙሉ በሙሉ ከፈለ እንበል። በብዙ አገሮች ደንብ ብድር የተበላሸ የሚባለው ከ90 ቀን በኋላ ስለሆነ በሪፖርቱ ላይ ጤናማ ሆኖ ይታያል። የተከፈለበትን ሂሳብ መግለጫ አውጡና ገንዘቡ ከየት እንደገባ ተከተሉ። ከሦስት ቀን በፊት ባንኩ ለእህት ኩባንያው ከፈቀደው ኦቨርድራፍት (ከሂሳብ ቀሪ በላይ የማውጣት ብድር) ተዛውሮ ከሆነ፣ ባንኩ ከግራ ኪሱ አውጥቶ ወደ ቀኝ ኪሱ ከቷል ማለት ነው። በሥጋት የተመዘነ ሀብቱ (ብድሩና ሌላው ንብረቱ እንደየአደጋው መጠን ተመዝኖ) 100፣ ካፒታሉ 10 በሆነ ባንክ ውስጥ እንዲህ የተሸፈኑ ብድሮች 6 ቢደርሱና ግማሹን ለኪሳራ በመጠባበቂያ መያዝ ቢያስፈልግ፣ 3 ከካፒታሉ ይቀነሳል። 10 በመቶ የነበረው ወደ 7 በመቶ ገደማ ወርዶ ከ8 በታች ይሆናል። ይህን የሚያመጡት ጥቂት ፋይሎች ናቸው።

ማግኘት ግን ግማሽ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2023 የወደቀው የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ረጅም ጊዜ የሚቆዩ ቦንዶች ገዝቶ ነበር፤ ወለድ ሲጨምር ዋጋቸው ወረደ። አብዛኛው ተቀማጩ በመድን ያልተሸፈነ ስለነበር አስቀማጮች በአንድ ቀን ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ አወጡ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክና የዚህ ባንክ ተቆጣጣሪ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭ በኋላ ባወጣው ግምገማ፣ ባንኩ ሲወድቅ 31 ያልተዘጉ የቁጥጥር ግኝቶች (ተቆጣጣሪ አስተካክል ያላቸው፣ ገና ያልተስተካከሉ ጉድለቶች) እንደነበሩበት ገልጿል። ተቆጣጣሪዎቹ ከችግሮቹ ብዙዎቹን አይተው ነበር፤ ከጎደሉት አንዱ ባንኩን በጊዜ ማስገደድ ነበር።

ስለዚህ «የቦርዱ ክትትል ሊጠናከር ይገባል» ብላችሁ አትጻፉ። ይህ ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስገድድም፤ ባንኮችም ይወዱታል። ከስንት ፋይል ስንቱ፣ የትኛውን ደንብ እንደጣሰ፣ ምክንያቱ ምን እንደሆነ፣ በካፒታሉ ላይ ምን ያህል እንደሚያመጣ፣ ማን እስከ መቼ ማስተካከል እንዳለበት ጻፉ። ረቂቁን ለባንኩ ስታሳዩ የተሳሳተ አኃዝ ካለ አርሙ፤ ቃሉን «ለስለስ አድርጉልን» ቢሏችሁ ግን አትስሙ። የምትመረምሩት ባንክ ሥራ ቢያቀርብላችሁ በዚያው ቀን ለአለቃችሁ አሳውቁና ከምርመራው ውጡ። ያያችሁትንም ቤት ድረስ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ከተቆጣጣሪ አፍ ያመለጠ አንድ ቃል ገንዘባቸውን ለማውጣት የሚሯሯጡ ሰዎችን ወረፋ ያስነሳል።

ባንኩ «አዲስ ፖሊሲ አጽድቀናል» ብሎ ሲጽፍላችሁ ግኝቱን ለመዝጋት አትቸኩሉ። ፖሊሲው ከጸደቀ በኋላ የተሰጡ አሥር ብድሮችን አውጥታችሁ እዩ። በአሮጌው ፎርም የተሞሉ ከሆነ ግኝቱ ክፍት ይቆያል።