ሙጭጭ ያለችው ስለቀበጠች አይደለም

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ልጄ ባሏን ተከትላ ጀርመን ስትሄድ የልጅ ልጄ የ8 ወር ሕፃን ስለነበረች እኔ አሳደግኋት። አሁን 2 ዓመት ከ10 ወሯ ነው፤ ወላጆቿ ዘንድ ከሄደች ሁለት ወሯ። ሰፈራቸው ያለው መናፈሻ ሲወስዷት የእናቷን ቀሚስ ይዛ አትለቅም፤ ከልጆች ጋር ትንፍሽ አትልም። ከዚያው በቪዲዮ ሲደውሉልኝ «እማዬ፣ ነይ ውሰጅኝ» እያለች ታለቅሳለች። አማቼ «አያቷ አቀማጥላ አበላሸቻት» ይላል። መደወሉን ልተው?

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ መደወሉን በፍጹም አይተዉ፤ ሰዓቱንና ቦታውን ግን ይቀይሩት።

ልጅቷ አልተበላሸችም። ለእሷ እናት ማለት እርስዎ ነዎት፤ ከእርስዎም፣ ከቤቷም፣ ከምታውቀው ቋንቋም በአንድ ጊዜ ነው የተለየችው። በሁለት ወር የወላጅ እናቷን ቀሚስ መያዝ መጀመሯ ደግ ምልክት ነው፤ መጠጊያ እያደረገቻት ነው። «ሂጂ ተጫወች» ተብላ ስትገፋ መጠጊያዋ የሚሸሻት ስለሚመስላት ይብስ ትጣበቃለች።

ለልጅዎ እንዲህ ይበሏት። ለሦስት ሳምንት ያህል መናፈሻ አይቀያየር፤ ልጆች ሳይበዙ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። እናት አግዳሚ ወንበር ላይ ሳይሆን አሸዋው ጠርዝ ላይ፣ መሬት ትቀመጥ። ሁለት ትንንሽ ባልዲና ሁለት አካፋ ትያዝ። ልጅቷን ምንም ሳትጠይቅ ራሷ አሸዋ ትሙላ፣ ትገልብጥ፤ ትንሽ ቆይቶ ትንሿ እጅ መምጣቷ አይቀርም። ዥዋዥዌውና ሸርተቴው ግፊያ ስላለባቸው ይቆዩ። ከሌሎች ልጆች ጎን ሆና ለብቻዋ ብትጫወት በዚህ ዕድሜ ጤነኛ ነው። በአዲስ ቋንቋ መሐል የገባ ልጅ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ዝም ይላል፤ ጀርመንኛ ይቅደም ብለው ቤት ውስጥ አማርኛውን እንዳይተዉባት።

እናት ለአፍታም ቢሆን ተደብቃ አትጥፋ፤ «ውሃ ላምጣ፣ መጣሁ» ብላ ትሂድ። እርስዎ ያስተማሯት ኩኩሉ እዚህ ላይ መድኃኒት ነው፤ የተሸሸገ ሰው ተመልሶ እንደሚገኝ በጨዋታ ያስለምዳታል። «ዝም ካላልሽ ነጩ ሰውዬ ይወስድሻል» ማለት ግን ክፉኛ ይጎዳታል። በዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ ማስፈራሪያ ይሆንባታል።

አሁን ወደ ስልኩ ጉዳይ እንመለስ። መናፈሻ ሳለች መደወል፣ ልትለምደው ከምትታገለው ቦታ ነቅሎ ፍኖተ ሰላም ይወስዳታል። ቤት ገብታ፣ በልታ፣ ከመኝታዋ በደንብ ቀደም ብሎ፣ እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያውሯት። በበጋቸው አንድ ሰዓት፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት እንደምትቀድሟቸው አይርሱ። ዶሮዎቹን ያሳዩዋት፣ ቡና ሲቆሉ ትይ። ስታለቅስ «ነገ እመጣለሁ» አይበሏት፤ ነገ ሲደርስ ማንን ትመን? «እኔም ናፍቀሽኛል፤ አሁን እናትሽ ትቀፍሽ» ይበሏት። ይህን ፈቃድ ከእርስዎ አፍ መስማት አለባት፤ አለበለዚያ እናቷን መውደድ እርስዎን መክዳት ሊመስላት ይችላል። ሰው ከተገኘ ያልታጠበ ነጠላዎን ይላኩላት፣ ጠረንዎ ያለበትን።

አማችዎ አሁንም ቅብጠት ከመሰላቸው፣ እዚያው ጀርመን ብዙ መዋለ ሕፃናት የሚከተሉትን «የበርሊን ሞዴል» ይጠይቁ፦ የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ወላጅ ከልጁ አይለይም፤ ለአጭር ጊዜ መለየት የሚሞከረው ቢፈጥን በ4ኛው ቀን ነው።

ቤት ውስጥም በአማርኛ መናገር ካቆመች፣ የምታውቃቸው ቃላት ከጠፉባት፣ ወይም ምግብና እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ሳይውል ሳያድር ለሕፃናት ሐኪም ትታይ። ጀርመን ውስጥ ከ34ኛ እስከ 36ኛ ወር ላሉ ልጆች መደበኛ ምርመራ ስላለ፣ ልጅዎ ቀጠሮውን በዚህ ሳምንት ትያዝ።