ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነህ የቤት እድሳት ማስታወቂያ የት ላውጣ ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህ «ወለል፣ ቀለምና ባዝሩም (መታጠቢያ ቤት) እሠራለሁ፤ ለማስታወቂያ በወር 1,000 ዶላር መድቤአለሁ፤ ጎግል፣ አንጂ፣ ተምታክ ወይስ ፌስቡክ?» የሚል ነው። አንጂና ተምታክ ቤት የሚያሠራን ሰው ከኮንትራክተር ጋር የሚያገናኙ ድረ ገጾች ናቸው። ብዙዎቹ «ሁሉንም ሞክር» ብለውሃል። እባክህ እንዳታደርገው። 1,000 ዶላር አራት ቦታ ሲበተን የትኛው እንደሠራ፣ የትኛው እንደበላህ የሚለይ ቁጥር አታገኝም። ሦስት ወር ቆይተህ «ማስታወቂያ አይሠራም» ብለህ ትተወዋለህ።

ሌላም አለ። የምትሠራው ሦስት ሥራ ቢሆንም ገንዘብ የምታወጣበት አንዱ ይሁን፤ እሱም ባዝሩም ነው። ምክንያቱን በኋላ በቁጥር አሳይሃለሁ።

1. መጀመሪያ ላይሰንሱ። ሜሪላንድ ውስጥ የኤምኤችአይሲ (የስቴቱ የቤት እድሳት ኮሚሽን) ላይሰንስ ቁጥርህ በምታወጣው ማስታወቂያ ሁሉ ላይ መኖር አለበት፤ የመኪናህ ጎንም ሆነ ፌስቡክ ላይ የምትለጥፈው ፎቶ ማስታወቂያ ነው። «እኔ ቀለም ብቻ ነው የምቀባው» ማለት አያድንም፣ ቀለም መቀባትም በሕጉ የቤት እድሳት ነው። ይህ ላይሰንስ ደግሞ ከሜሪላንድ አይወጣም። ቨርጂኒያ ዲፒኦአር በሚባለው የሙያ ፈቃድ መሥሪያ ቤቷ በኩል፣ ዲሲም በራሷ መሥሪያ ቤት የሚሰጥ የየራሳቸው ፈቃድ አላቸው። ስለዚህ ማስታወቂያህ ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ላይ ብቻ ይቁም። ከአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ የሚደወልልህ ስልክ ከፍለህበት የማትሠራው ሥራ ነው።

2. የጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል። ጎግል ፍለጋና ካርታ ላይ የሚወጣው የድርጅትህ ገጽ ነው። ነፃ ነው። ደውሎ «ከጎግል ነኝ፣ ፕሮፋይልህ ሊዘጋ ነው፣ ክፈል» የሚልህ ሁሉ አጭበርባሪ ነውና ስልኩን ዝጋበት። ከቤትህ የምትሠራ ከሆነ አድራሻህን ደብቅና የምትሠራባቸውን ከተሞች ሙላ፤ እስከ 20 ድረስ ይፈቅዳል። ማረጋገጫው አሁን በአብዛኛው በቪዲዮ ነው፤ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ነው። ሳይቆረጥ በአንድ ጊዜ መቀረጽ አለበት። ከመንገዱ ስም ምልክት ጀምር፣ የቤት ቁጥሩን አሳይ፣ ስምህ የተጻፈበትን ቫን፣ የቫኑን በር ከፍተህ የታይል መቁረጫውንና ባልዲዎቹን፣ በመጨረሻ ላይሰንሱን። አቋርጠህ ከቀጠልክ ወይም መሣሪያው ካልታየ ይመልሱታል።

ሪቪው ላይ አንድ ልመና አለኝ። ዘመድና የቤተ ክርስቲያን ሰው ሰብስበህ በአንድ ቀን 15 ባለ አምስት ኮከብ እንዳታስጽፍ። ጎግል ያጠፋዋል፤ ከጥቅምት 2024 (በፈረንጅ) ጀምሮ ደግሞ የውሸት ሪቪው በኤፍቲሲ (የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን) ደንብ የሚያስቀጣ ነው። እውነተኛው ሪቪው የሚገኘው ሥራው ባለቀበት ሰዓት፣ ደንበኛው አዲሱን ሻወር ከፍቶ ውሃው ሲወርድ እያየ ሳለ ነው። ያኔ ሊንኩን በቴክስት ላክለት። ማታ ወይም በማግስቱ ከላክህ አይጽፍም።

3. የጎግል ሎካል ሰርቪስስ። ከፍለጋው ውጤት አናት ላይ ምልክት ተደርጎባቸው የሚወጡት ናቸው። የምትከፍለው በክሊክ ሳይሆን በሚደውልልህ ወይም በሚጽፍልህ ሰው ቁጥር ነው። ለአንተ ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው፤ የሥራህ ዓይነትና ዚፕ ኮድህ መኖራቸውን ግን አስቀድመህ እይ። ላይሰንስ፣ ኢንሹራንስና የጀርባ ምርመራ ይጠይቃል፤ ምርመራውን አንተ አትከፍልበትም። ማመልከቻ የሚንጠለጠለው በአብዛኛው በስም ነው፦ ላይሰንሱ ላይ «ኤልኤልሲ» ከሚለው የኩባንያ ዓይነት ቅጥያ ጋር ያለው ስም ኢንሹራንሱ ላይ ያለ ኤልኤልሲ ከሆነ፣ ፕሮፋይሉ ላይ ደግሞ ሌላ የንግድ ስም ካለ ለሳምንታት ወዲያ ወዲህ ትባላለህ። ሳታመለክት ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠህ ፊደል በፊደል አመሳክር።

የሥራ ዓይነት ዝርዝሩን ግባና የማትፈልገውን ሁሉ ምልክቱን አንሳ። ካልነካኸው የማትሠራው ጥገና ሁሉ ይደወልልሃል፣ ሒሳቡም ያንተው ነው። ስልክ ካላነሳህ ደግሞ ቦታህ ይወርዳል። ታይል እየቆረጥክ ስልክ ማንሳት እንደማይሆን ይገባኛል፤ እንግዲያው የማስታወቂያውን ሰዓት ማንሳት በምትችልበት ሰዓት ብቻ ገድበው፣ ወይም ባለቤትህ እንግሊዝኛ የምትችል ከሆነ እሷ ታንሳ። ለማይረባው ጥሪ ገንዘብ የሚመለሰው አሁን በአብዛኛው በራሱ በሲስተሙ ውሳኔ ነው፤ እያንዳንዱን ጥሪ ገብተህ ጥሩ ወይም መጥፎ ብለህ ካልሞላህለት በምን ይወቅልህ?

4. የጎግል የፍለጋ ማስታወቂያ። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብብ። የአዲስ ኮንትራክተር ገንዘብ የሚቃጠለው እዚህ ነው፤ የሚያቃጥሉትም ጎግል ራሱ አብርቶ የሚሰጥህ ቅንብሮች ናቸው።

አካውንት ስትከፍት እየመራ አብዛኛውን ነገር ጎግል ራሱ ወደሚወስንበት «ስማርት» ካምፔይን (የማስታወቂያ ዘመቻ) ይወስድሃል። አትሂድለት፤ ወደ ኤክስፐርት ሞድ ቀይርና «ሰርች» የሚለውን ምረጥ። ማስታወቂያህን ከጎግል ፍለጋ ውጭ ሌሎች ድረ ገጾች ላይ የሚያወጡትን «ዲስፕሌይ ኔትወርክ» እና «ሰርች ፓርትነርስ» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች አጥፋ። ቀጥሎ የቦታ ቅንብሩ። ከነበረበት ካልነካኸው በቦታው ያሉትን ብቻ ሳይሆን ለቦታው «ፍላጎት ያሳዩትን» ጭምር ይጨምራል፤ ሌላ ስቴት ተቀምጦ ስለ ሲልቨር ስፕሪንግ የፈለገ ሰው ማስታወቂያህን ሊጫን ይችላል። «ሎኬሽን ኦፕሽንስ» የሚለውን ዘርጋና «ፕሬዘንስ» (በቦታው ያሉት) ብቻ አድርገው። ዲሲንና ቨርጂኒያን ደግሞ ለይተህ አስወጣ።

ከዚያ ቃላቱ። «ባዝሩም» ብለህ በብሮድ ማች (ቃሉን በሰፊው ከሚቀራረበው ሁሉ ጋር በሚያዛምደው ቅንብር) ከተውከው በሳምንቱ መጨረሻ ሰርች ተርምስ የሚለውን፣ ሰዎች የጻፉትን ፍለጋ የሚያሳይ ገጽ ስትከፍት እንዲህ ያለ ነገር ታያለህ፦ «ባዝሩም ቫኒቲ ሆም ዲፖ»፣ «ሃው ቱ ታይል ኤ ሻወር»፣ «ባዝሩም ሪሞዴሊንግ ጆብስ ኒር ሚ»። የመጀመሪያው ዕቃ ገዢ ነው፣ ሁለተኛው ራሱ ሊሠራ ነው፣ ሦስተኛው እንዳንተው ሥራ ፈላጊ ነው። ክሊኩ 12 ዶላር ነው ብንል 36 ዶላር ሄደ፣ ስልኩ ግን አልጮኸም። ስለዚህ ቃሎችህን ጠበብ ባሉት በፍሬዝ ወይም በኤግዛክት ማች አድርጋቸው፤ ገና ከመጀመሪያው ቀንም እነዚህን ኔጋቲቭ (ማስታወቂያህ እንዳይወጣባቸው የምትከለክላቸው ቃላት) ላይ ክተት፦ ጆብስ፣ ሳላሪ፣ ሃው ቱ፣ ዲአይዋይ፣ ሆም ዲፖ፣ ሎውስ፣ ሬንታል፣ ዩዝድ፣ ፍሪ፣ ክላስ፣ አይዲያስ። «አይዲያስ» የሚለውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ፎቶ ሲያይ የሚያመሽ ሰው ግን የሚገባው በእሱ ነው።

ለምሳሌ በቀን 25 ዶላር ብለህ አንድ ቀን 50 ቢወስድብህ አትደንግጥ፤ በአንድ ቀን እስከ እጥፍ ሊወስድ ይችላል፣ በወር ግን ከ30.4 ቀን ሒሳብ፣ ማለትም ከ760 ዶላር አያልፍም። ውጤት ብለህ የምትቆጥረው ከ60 ሰከንድ በላይ የቆየውን ጥሪ ይሁን። የጎግልን ምክሮች በራሱ የሚተገብረውን «ኦቶ አፕላይ» የሚባለውንም አጥፋ፤ በርቶ ከሆነ ቅንብርህን ሳትጠየቅ ሊቀይር ይችላል።

አሁን ስለ አንጂና ተምታክ። እነዚህ የሚሸጡልህ ሊድ ነው፣ ማለትም ሥራ የሚያሠራ ሰው ስምና ስልክ፤ ያንን ሰው ብዙ ጊዜ ሌሎች ኮንትራክተሮችም ያገኙታል። ሆምአድቫይዘር፣ የአንጂ ኩባንያ ማለት ነው፣ ስለሚሸጠው ሊድ ጥራት አሳስቷል ተብሎ በኤፍቲሲ ተከሶ በ2023 እስከ 7.2 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ስምምነት ገብቷል። ሒሳቡን እንሥራው። ሊዱ 45 ዶላር ነው እንበል፤ በ1,000 ዶላር 22 ታገኛለህ። ግማሹ ስልክ አያነሳም፤ ከቀሪው 11 ሁለቱን ብትይዝ አንዱ ሥራ 500 ዶላር አወጣብህ ማለት ነው። አንድ ክፍል በ900 ዶላር ለመቀባት ከሆነ ለቀለሙም አይተርፍህም። የ9,000 ዶላር ባዝሩም ከሆነ ግን ይቻላል። ባዝሩሙን ብቻ አስተዋውቅ ያልኩህ ለዚህ ነው፤ ወለሉና ቀለሙ ከዚያው ቤት ተከትለው ይመጣሉ። እነዚህን ከገባህባቸውም ሳምንታዊ ጣሪያ አድርግ፣ ሊዱም በገባ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደውል። ከሁሉ በላይ የ12 ወር ውል እንዳትፈርም፤ በስልክ «በፈለግህ ጊዜ ታቆማለህ» ይሉህና ወረቀቱ ላይ የማቋረጫ ቅጣት ተጽፎ ይገኛል። ውሉ በኢሜይል ሳይደርስህ የካርድ ቁጥርህን አትንገር።

ፌስቡክ ለአሁኑ ይቆይ። የቤት ጥገና በአሜሪካ «ሀውሲንግ» በሚባለው ልዩ ምድብ ስለሚገባ ዚፕ ኮድና ዕድሜ መምረጥ አይቻልም፣ ማስታወቂያው የሚታይበት ክብም በየአቅጣጫው ከ15 ማይል አይጠብም። ከሲልቨር ስፕሪንግ 15 ማይል ማለት ዲሲን በሙሉና የቨርጂኒያን ዳርቻ ይዞ ነው። ለሐበሻ ደንበኛ ደግሞ ክፍያ አያስፈልግህም፤ እድሩና እቁቡ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል፣ የሠራኸውን ፎቶ በራስህ ገጽ መለጠፍ ይበቃል።

ማስታወቂያውን ሰው ይሥራልኝ ካልክ አካውንቱ በራስህ ጂሜይል ይከፈት፣ ካርዱም ያንተ ይሁን፣ ሠራተኛው በማኔጀርነት ይግባ። በነሱ ስም ከተከፈተ በተለያያችሁ ቀን የዓመቱን መረጃ፣ ኔጋቲቭ ቃላቱንም ጭምር ይዘው ይሄዳሉ፤ አንተ ከዜሮ ትጀምራለህ።

የመጀመሪያዎቹን 60 ቀናት በወር 600 ለሎካል ሰርቪስስ፣ 400 ለፍለጋው አድርግ፤ ለፍለጋው በቀን 13 ዶላር ማለት ነው። ቫኑ ውስጥ ደብተር ይኑር፦ ቀን፣ ከየት እንደደወለ፣ ዚፕ ኮዱ፣ የጠየቀው ሥራ፣ የሰጠኸው ዋጋ፣ ያዝከው ወይስ አልያዝከውም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳትወጣ ሰርች ተርምስን ከፍተህ የማይረባውን ቃል ኔጋቲቭ ላይ ጨምር፤ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። በ60ኛው ቀን የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፈው፣ የቱ እንደሚቆረጥ አብረን እናያለን።