ስለ ጦር ሜዳ ዘጋቢነት፦ ለጎጃም ልጆች ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስና ፍኖተ ሰላም ሆናችሁ ጋዜጠኝነት የምትማሩ ልጆች ጥያቄ ልካችሁልኛል። የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጎጃም የጦር ሜዳ ጋዜጠኛ አይታ ታውቃለች?

መልስ፦ እንዴታ! በ1928ቱ ጦርነት ለለንደኑ ታይምስ ይዘግብ የነበረው ጆርጅ ስቲር፣ ጣሊያኖች ካባረሩት በኋላ በ1933 ተመልሷል፤ ያኔ ግን የእንግሊዝ ጦር መኮንን ሆኖ ነው። ጃንሆይ ከሱዳን በጎጃም ሲገቡ እሱ የሚመራው ክፍል በአማርኛ በራሪ ወረቀትና «ባንዲራችን» የተባለ ጋዜጣ ያሰራጭ፣ ለጣሊያን ያደሩትም እንዲከዱ በድምፅ ማጉያ ይቀሰቅስ ነበር። ይህ ቅስቀሳ እንጂ ዘገባ አይደለም፤ ለነጻነት የተደረገ ቢሆንም ሁለቱን አትደባልቁ። እኔን የሚቆጨኝ ያን አማርኛ የጻፉት የእኛ ሰዎች ስም እንደ ስቲር አለመነሳቱ ነው።

ጥያቄ፦ ከሁሉ በላይ አደጋ ላይ ያለው ማን ነው?

መልስ፦ የአገሩ ሰው። ሾፌሩ፣ አስተርጓሚው፣ መንገድ መሪው። የውጭው ዘጋቢ ሥራው ሲያልቅ ይሄዳል፤ እነሱ እዚያው ናቸው፣ ቤተሰባቸውም ይታወቃል። ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን በግንቦት 1983 አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ እጁን ማጣቱን ብዙ ሰው ያውቃል። አጠገቡ ድምፅ ይቀዳ የነበረው ጆን ማታይ ግን እዚያው ሞተ። እሱን ስንቱ ያስታውሰዋል?

ጥያቄ፦ ሕግ ይጠብቀናል?

መልስ፦ በወረቀት፣ አዎ። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች (የጦርነት ሕጎች) የመጀመሪያ ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ በአንቀጽ 79፣ ጋዜጠኛን እንደ ሲቪል ይቆጥራል። ውጊያ ውስጥ ከገባችሁ ጥበቃው ይቀራል። መሣሪያ ጌጥ በሆነበት አገር ብታድጉም፣ ራሴን ልጠብቅ ብላችሁ እንኳ አትያዙ።

ጥያቄ፦ ምን ልያዝ?

መልስ፦ ውሃ፣ እርሳስ (እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ እምብዛም አይጽፍም) እና ቱርኒኬት (ከእጅ ወይም ከእግር የሚፈስ ደም ማቆሚያ ማሰሪያ)። ከቁስሉ በላይ አስራችሁ ደሙ እስኪቆም ጠምዝዙት፤ የታሰረበትን ሰዓት ጻፉበት።

ጥያቄ፦ ኔትወርክ ሲዘጋ ወሬ እንዴት ይጣራል?

መልስ፦ የደብተራችሁን ገጽ ለሁለት ክፈሉት፦ «ያየሁት» እና «የሰማሁት»። ሁለቱ ወገኖች የሚነግሯችሁ የሟች ቁጥር ከሁለተኛው ዓምድ አይወጣም። ቄሱን፣ መቃብር የቆፈሩትን፣ የጤና ጣቢያውን ነርስ ለየብቻ ጠይቁ። ስማቸውን ግን አትጻፉ፤ ፎቶው ላይ የቤታቸው በር እንኳ አይታይ። ነገም እዚያው ገበያ ነው የሚወጡት።

ጥያቄ፦ እናቴ እንዳትሄጂ አለችኝ።

መልስ፦ አትዋሻት፣ ልጄ። የት እንደምትሄጂና በስንት ሰዓት እንደምትደውዪ ንገሪያት። ሰዓቱ ካለፈ የምትደውልለትን የአለቃሽን ቁጥርም በወረቀት ጽፈሽ ስጫት።