የነርስ ተማሪ መድኃኒት ሲሰጥ እንዴት ይመዘናል? ጥያቄና መልስ ከሲስተር ጋር

ሲስተር፦ እንደምን ዋላችሁ። መሀል አዲስ አበባ ባሉ ሆስፒታሎች የነርስ ተማሪዎችን መድኃኒት አሰጣጥ እመዝናለሁ። የዚህ ቡድን አባላት ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን፦ ራሳችሁ ያልቀዳችሁትን መድኃኒት ለማንም አትስጡ።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦ ሲስተር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምዘና አለብን። መጀመሪያ የሚያዩት ምንድን ነው?

ሲስተር፦ ታካሚውን እንዴት እንደምትለይ። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ስሌት ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው። አልጋው አጠገብ ቆሞ «አቶ ከበደ ነዎት?» ይላል። ትኩሳት ያደከማቸው፣ ጆሯቸው የከበደ፣ ወይም ጋዋን ለለበሰ ሰው እምቢ ማለት የሚከብዳቸው አባት «አቤት» ይላሉ። ተማሪው መርፌውን ያነሣል። እኔም እዚያው ላይ አስቆመዋለሁ። «ሙሉ ስምዎን ከነአያትዎ ይንገሩኝ» በሉ፤ የሰማችሁትን ከቻርቱና ከካርድ ቁጥሩ ጋር አመሳክሩ። እኛ አገር የቤተሰብ መጠሪያ የለም፤ የራሳቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል መተኛታቸው ብርቅ አይደለም። በአልጋ ቁጥር ደግሞ አትተማመኑ፤ ሌሊት አልጋ ይቀያየራል። መናገር ለማይችል ታካሚ አስታማሚውን ጠይቁ።

አንድ አባል፦ መድኃኒት ሲሰጥ መረጋገጥ ያለባቸው «ትክክለኛዎቹ» 5 ናቸው ወይስ 10?

ሲስተር፦ አምስቱ ትክክለኛው ታካሚ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ የሚሰጥበት መንገድና ሰዓት ናቸው። ምዝገባው፣ ምክንያቱ፣ የታካሚው እምቢ የማለት መብትና ሌሎችም ሲጨመሩ 10 ይደርሳል። እኔ ቁጥሩን አልጠይቅም።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፦ ስሌት ያስፈራኛል። ምን ዓይነት ጥያቄ ይመጣል?

ሲስተር፦ ለአንድ ሕፃን 50 ሚሊ ግራም ጄንታማይሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ታዘዘ እንበል። አምፑሉ በ2 ሚሊ ሊትር 80 ሚሊ ግራም ከያዘ የምትቀዱት 1.25 ሚሊ ሊትር ነው። ይህን ሁሉም ይሠራዋል። አሁን ግን ቤተሰቡ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለ ፋርማሲ የገዛው አምፑል በ2 ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም የያዘው ቢሆንስ? መልሱ 5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ትናንት የሠራውን ቁጥር በቃሉ ይዞ 1.25 የቀዳ ተማሪ ለሕፃኑ የታዘዘለትን ሩብ ብቻ ሰጠ። አምፑሉ በተገላቢጦሽ ሲሆን (የ20ውን ስሌት ይዞ ከ80ው ሲቀዳ) ደግሞ አራት እጥፍ ይሰጣል። ስለዚህ እኔ የማየው ዓይኑን ነው፦ ከመደርደሪያ ሲያነሣ፣ ሲቀዳ፣ ከመስጠቱ በፊት፤ ሦስቱንም ጊዜ ጽሑፉን አነበበ?

የዋርድ ነርስ፦ ታዲያ በምዘና ላይ በስልክ ማስላት ለምን ይከለከላል? እኛ በየቀኑ የምንሠራው በስልክ ነው።

የጤና ኮሌጅ መምህር፦ ስልክ የለመደ ተማሪ 0.5ን 5 አድርጎ ሲያወጣ እንኳን አይደነግጥም። ዋርዱ ነው የሚያበላሻቸው።

የዋርድ ነርስ፦ ዋርዱ? ሙሉ ክፍል ለአንድ ነርስ ተትቶ ተማሪዎቻችሁን ያለ ተቆጣጣሪ ልካችሁብን እኛን ትወቅሳላችሁ? ዓመቱን ሙሉ ያላያችሁትን ተማሪ በአንድ ጠዋት ትመዝናላችሁ!

የጤና ኮሌጅ መምህር፦ የተቆጣጣሪ እጥረቱን እኛ አላመጣነውም።

ሲስተር፦ ይብቃችሁ፤ ተማሪዎች እየጠበቁ ነው። ማስያውን አልከለክልም። ከመንካቱ በፊት ግን «ከአንድ አምፑል ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» እለዋለሁ። በግምት መመለስ ያልቻለ ተማሪ ማስያው ሲሳሳት አያውቅበትም። ስለ ተቆጣጣሪ እጥረት የዋርድ ነርሷ ያለችው እውነት ነው።

ሌላ አባል፦ ሲስተር፣ ትክክለኛዎቹ ስንት ናቸው?

ሲስተር፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብቡ እንጂ።

አዲስ አባል፦ ስለ መድኃኒት አሰጣጥ ጠቅለል አድርገው ቢያስረዱን።

ሲስተር፦ ምኑን? የሚዋጠውን፣ የሚወጋውን፣ በደም ሥር የሚሰጠውን? የቸገረህን ለይተህ ጠይቅ። እስከዚያው ራስህ ያልቀዳኸውን አትስጥ።

ፕሪሴፕተር (በሆስፒታል ተማሪዎችን የሚያለማምድ ነርስ)፦ በቼክሊስቱ ነጥቦች ሁሉ ላይ ምልክት ያገኘ ተማሪ ብቁ ነው ማለት ይቻላል?

ሲስተር፦ አይቻልም፤ ብዙ የምከራከርበትም ይህ ነው። የሕክምና ትምህርት ምሁሩ ጆርጅ ሚለር በ1990 (በፈረንጁ) ማወቅን፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅን፣ ሠርቶ ማሳየትንና በዕለት ሥራ ላይ መሥራትን አራት ደረጃ አድርጎ ለያየ። ቼክሊስት ሦስተኛውን ያሳያል፣ እኛ የምንፈልገው አራተኛውን ነው። ስለዚህ በሠርቶ ማሳያ ክፍል ውስጥ ሆን ብላችሁ የተሳሳተ ትእዛዝ አስገቡ፤ ታካሚ ላይ ግን በፍጹም አትሞክሩት። ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይበረዝ በደም ሥር ይሰጥ የሚል ጻፉ፤ ልብ ያቆማል። ዕድሜው 28 ቀን ላልሞላው ጨቅላ ሴፍትሪያክሶን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ ካልሲየም ካለበት የደም ሥር ፈሳሽ፣ ከሪንገር ላክቴት ጋር እዘዙ፤ ይህም አይፈቀድም። እጁን ሰብስቦ «ይህን አልሰጥም፣ ሐኪሙን ልጥራ» ያለ ተማሪ አልፏል። አሳምሮ የሰጠው ወድቋል፤ ሌላው ምልክት ሁሉ አያድነውም።

የማዋለጃ ክፍል ላይ ደግሞ በእርግዝና የደም ግፊት የሚመጣን መንቀጥቀጥ የሚከላከለውን ማግኒዥየም ሰልፌት ለምዘናው ተጠቀሙ። ቀጣዩን መጠን ከመስጠቱ በፊት ትንፋሽ በደቂቃ ቢያንስ 16 መሆኑን፣ ጉልበቷ በመዶሻ ሲነካ እግሯ ምላሽ መስጠቱን፣ ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሆኑን ሳይጠየቅ አየ? ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ቅርብ መኖሩንስ? ይህን ሳያይ ሲሪንጅ ያነሣውን አስቁሙት።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦ የሙያ ፈቃድ ፈተናው መቼ ነው?

ሲስተር፦ የጤና ሚኒስቴርን ማስታወቂያ ተከታተል።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦ ቻርቱ ላይ «8 ሰዓት» ተጽፎ አየሁ። ጠዋት ነው ከሰዓት በኋላ?

ሲስተር፦ ጥሩ ጥያቄ። በእኛ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ነው፤ በፈረንጁ ከሆነ ግን ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ይለያያል። በየ8 ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት ንጋት 12 ላይ ተሰጥቶ ከሆነ፣ በተሳሳተው ንባብ ከሁለት ሰዓት በኋላ ትደግመዋለህ። አትገምት፤ የጻፈውን ሰው ጠይቅ፣ ያለፈው መጠን የተሰጠበትን ሰዓትም ተመልከት።

ተማሪ፦ ፕሪሴፕተሬ ራሷ የቀዳችውን ሲሪንጅ ሰጥታኝ «ሂጂ ስጪው» ብትለኝስ? እምቢ ማለት እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝም?

ሲስተር፦ አይቆጠርም፤ አነጋገርሽን አለዝቢው እንጂ። «ሲስተር ይቅርታ፣ እኔ ስላልቀዳሁት አምፑሉን ያሳዩኝና አብረን እንቅዳው» በያት። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ካልተስማማች ሲሪንጁን መልሺላትና እሷው ትስጠው፣ በቻርቱም ላይ እሷው ትፈርም። በዚህ ምክንያት ነጥብ የቀነሰብሽ ካለ ቀኑንና ክፍሉን ጠቅሰሽ ለትምህርት ክፍልሽ የተግባር ልምምድ አስተባባሪ በጽሑፍ አመልክቺ።